ስለ ባለ አንድ ዓይን መነጽር አመራረጥ፤ በተለይ በዓባይ አፋፍ ለሚኖሩና ለሚያልፉ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል የአገራችን ሰው ሲተርት። ይሁን እንጂ ዓባይን ማየት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ በረሃውን ወርዶ የወጣ መንገደኛ፣ ደጀን ደርሶ በአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ኋላው ቢመለከት፣ ከሰማያዊ ጭጋግና ከገደል በቀር ለይቶ የሚያየው ጥቂት ነው። በመንገዱ ጥምዝ ላይ የሚሄደው የጭነት መኪና ጉንዳን ያህላል፤ በገደሉ ጫፍ የተቀመጠው ነገር አሞራ ይሁን ድንጋይ አይታወቅም። የሰው ዓይን የሚደርስበት ልክ አለውና።

ይህን ልክ የሚያልፍ መሣሪያ ዛሬ ከኮት ኪስ የሚገባ ሆኗል። እርሱም በነጋዴዎች ዘንድ «ሞኖኩላር» የሚባለው ባለ አንድ ዓይን መነጽር ነው። በገበያው ላይ ዓይነቱ እጅግ ብዙ፣ በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውም ቃል እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡን ቆጥቦ የሚገዛ ተማሪ ወይም መምህር በቀላሉ ይታለላል። እኛ የሥነ ጽሑፍ እንጂ የፊዚክስ ተማሪዎች አይደለንም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከአራቱ የሒሳብ መደቦች የበለጠ ዕውቀት የማይጠይቅ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን በተራ ልናስረዳ እንሞክራለን።

ዋናውን ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር። ለደጀንና ለአካባቢው መነጽር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ብሎ ሳይሆን «ውሃና እንፋሎት ይገባዋልን?» ብሎ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናሳያለን።

1ኛ. መነጽር ለምን ይበጃል?

እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንሲል ሆኖ በዳንግላ ተቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የዓባይን አካሄድ አጥንቶ ካርታ ሲያነሣ፣ የመንገዱ አብዛኛው ክፍል በጎጃም አፋፍ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም በበረሃው ውስጥ ወንዙን ዳር ዳሩን ተከትሎ መሄድ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ከዚህ የምንማረው፣ የዓባይ በረሃ ብዙውን ጊዜ በእግር ሳይሆን በዓይን የሚጠና አገር መሆኑን ነው።

ከደጀን አፋፍ የሚታየው ነገር ደግሞ ትልቅ መጽሐፍ ነው ለማለት ይቻላል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰም፣ ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋዩና ጂፕሰሙ በአንድ ዘመን ባሕር ወደዚህ አገር ገብቶ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹን አፋፉ ላይ አቁሞ እነዚህን ንብርብሮች በየተራ በመነጽር ቢያሳያቸው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከሚሥለው ይልቅ በልባቸው ይቀራል። እንዲሁም አጥንት ከሰማይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ትልቁ አሞራ፣ ጥንብ አንሳው፣ ንስሩ፣ በሸዋ በኩል በደብረ ሊባኖስ ገደሎች የሚሰማራውና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ጭላዳ፣ ሁሉም ቀርበን ሳናስደነግጣቸው የምናያቸው በመነጽር ነው። ከብቶቹን በተዳፋት ላይ ያሰማራ እረኛም የጠፋች ጥጃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ከመውረድና ከመውጣት ይድናል።

«ታዲያ ለምን ባለ ሁለት ዓይኑን አንገዛም?» የሚል ይኖራል። ባለ ሁለት ዓይኑ ለረጅም ጊዜ ለሚመለከት ሰው ዓይን አያደክምም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ክብደቱ እጥፍ ያህል ነው፤ በውስጡም ሁለት ቱቦዎች በትክክል ጎን ለጎን መቀመጥ ስላለባቸው ርካሹ ቶሎ ይዛነፋል፤ ከተዛነፈም ራስ ያሳምማል። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ጥሩ ባለ አንድ ዓይን ወይም መናኛ ባለ ሁለት ዓይን መግዛት ይቻላል። በረሃ ለሚወርድና ስንቁን ለሚሸከም ሰው ፊተኛው ይሻላል።

2ኛ. ሁለቱ ቁጥሮች

በማናቸውም መነጽር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ «8 በ25»። የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ይናገራል። በ8 የሚያቀርብ መነጽር በ800 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር በ100 ሜትር ላይ ያለ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛው መስተዋት ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ጤነኛ ዓይን በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያነሰን ነገር ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። በ8 የሚያቀርብ መነጽር ይህን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያደርስለታል። እንግዲህ ሰው «በ8 ይህን ያህል ካሳየኝ በ20 እንዴት አብልጦ አያሳየኝ!» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም፤ ምክንያቱም ሦስት ነው።

ሀ) እጅ ይንቀጠቀጣል። መነጽሩ ተራራውን ብቻ ሳይሆን የእጃችንንም መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። በእጅ ተይዞ ረግቶ የሚያሳየው ከ8 እስከ 10 የሚያቀርበው ነው፤ ከዚያ የበለጠው የቆመ እግር ይፈልጋል።

ለ) የእይታው ስፋት ይጠብባል። በ8 የሚያቀርበው በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 110 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ብዙ የሚያቀርበው ግን በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው። የሚበርር አሞራ በጠባብ እይታ ውስጥ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል።

ሐ) ብርሃኑ ያንሳል። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ብናካፍል፣ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። 25 ለ8 ሲካፈል 3.1 ሚሊ ሜትር ነው። የዓይናችን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚከፈት ይህ ይበቃል። 25 ለ12 ቢካፈል ግን 2.1 ብቻ ነው፤ ደመና ሲያጠላ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉ ነገር ይጨልማል። ማልዶና አምሽቶ አራዊት ለሚመለከት ሰው «8 በ32» ይሻለዋል፤ ክቡ 4 ሚሊ ሜትር ነውና። ክብደቱና ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይጨምራል።

በእነዚህም ላይ የበረሃው አየር ይጨመራል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ቀጥተኛ ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ከበረሃው የሚወጣው ትኩስ አየር እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ጭጋጉም ማዶውን ይጋርዳል። ጭጋግን የሚያቀርብ መነጽር ጭጋጉን አጉልቶ ከማሳየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ስለዚህ ማዶውን ለማየት የሚበጀው ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ማለዳ መነሣት ነው፤ በተለይም ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ።

3ኛ. በረሃው መነጽርን እንዴት ያበላሻል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ብዙ ሰው ውሃ የማያስገባ መነጽር የሚያስፈልገው ለዓሣ አጥማጅና ለመርከበኛ ብቻ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፣ በደጀን ባሕር የለም። ነገር ግን ከባሕር የሚተካከል ጠላት አለ፤ ይኸውም በአፋፉና በወንዙ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው።

ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወንዙ የሚሄድበት ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው። በአፋፉ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ሸሚዙን ያወልቃል። የሚለወጠው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ የአየሩም ክብደት ይለወጣል። በወንዙ ዳር ያለው የአየር ግፊት በአፋፉ ላይ ካለው ከመቶ 18 እጅ ያህል ይበልጣል።

እንግዲህ በደንብ ያልታሸገ መነጽር ይዘን ወረድን እንበል። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር የደጋ አየር ነው፤ ግፊቱ አነስተኛ ነው። በውጭ ያለው ግፊት እየበረታ ሲሄድ፣ አየር በየቀዳዳው እየተገፋ ወደ ቱቦው ይገባል። መነጽሩ አየር «ይስባል» ማለት ነው። የሚስበውም በወንዙ ዳር ያለውን ሞቃትና እርጥበት ያዘለ አየር ነው። ማታ ወደ አፋፉ ስንመለስ አገሩ ይቀዘቅዛል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው እርጥበትም በሌንሶቹ ላይ እንደ ጤዛ ይቀመጣል። ይህ ጤዛ ያለው በውስጥ በኩል ስለ ሆነ በጨርቅ አይወለወልም። ነገሩ ሲደጋገም በመስተዋቱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታውም ቅቡን ይበላዋል። ሰው በአንድ ክረምት «መነጽሬ ደነዘዘ» የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በየመገጣጠሚያው የላስቲክ ቀለበት ገብቶበት አየርም ውሃም እንዳያልፍ የታሸገ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ በፋብሪካ ሳለ በውስጡ ያለው ተራ አየር ወጥቶ በደረቅ ናይትሮጂን መሞላት አለበት። ናይትሮጂን እርጥበት የሌለው ስለ ሆነ በውስጥ ጤዛ የሚሆን ነገር አያገኝም።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፉትን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። «ዝናብ ይችላል» ወይም «ፍንጣቂ ይችላል» የሚለውና «ውሃ አያስገባም» የሚለው አንድ አይደሉም። በዓለም ላይ የታወቀ መለኪያ አለ። «አይ ፒ ኤክስ 4» የተባለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው፤ መታሸጉን ግን አያረጋግጥም። «አይ ፒ ኤክስ 7» የተባለው በ1 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። ለዓባይ በረሃ የምንመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ በናይትሮጂን መሞላቱም አብሮ የተጻፈ ይሁን።

ለክረምት ዕረፍት በደጀን አልፈው ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚሄዱ ተማሪዎችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። መነጽሩን የሚይዙት በዝናቡ ወራት፣ ጉሙ ከበረሃው እየተነሣ አፋፉን በሚሸፍንበት ጊዜ ነውና።

4ኛ. የውስጡ መስተዋት

ሌንስ ብቻ ቢሆን ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ይታይ ነበር። ምስሉን የሚያቀናው ፕሪዝም የሚባለው በውስጡ ያለ የመስተዋት ጉማጅ ነው። ጣልያናዊው ኢግናትሲዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 በስሙ የሚጠራውን የፕሪዝም አሠራር አስመዘገበ፤ የጀርመኑ የዘይስ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፕሪዝም ያለባቸውን መነጽሮች ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በኪስ የሚያዙት ቀጥ ያለ ቱቦ ያላቸው ሲሆኑ፣ ፕሪዝማቸው «የጣራ ፕሪዝም» የሚባለው ነው።

ፕሪዝሙ የሚሠራበት መስተዋት ሁለት ዓይነት ነው። «ባክ 4» የተባለው ይመረጣል፤ «ቢኬ 7» የተባለው ይረክሳል፤ በዳር በኩልም ብርሃን ያጎድላል።

ሌላው ቅብ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ወይም ከመስተዋት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር፣ መስተዋቱ ቅብ ከሌለው ከመቶ 4 እጅ ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። በአንድ መነጽር ውስጥ እንደዚህ ያሉ 10 ገጾች ቢኖሩ ከገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው ይባክናል። ይህን ጉዳት የሚከለክለውን ቅብ እ.ኤ.አ. በ1935 በዘይስ ፋብሪካ የሠራው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ገጾቹ በብዙ ንብርብር ተቀብተዋል» የሚል ቃል ያለበትን እንምረጥ። «ተቀብቷል» ብቻ የሚለው አንዱን ገጽ ብቻ ቀብቶ ሊሆን ይችላል።

5ኛ. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፈተና

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ቸኩሎ የተገዛ መነጽር ቶሎ ያስቆጫል። በመርካቶም ሆነ በፒያሳ የሚገዛ ሰው ማስመሪያና ነጭ ወረቀት በኪሱ ይያዝ። ነጋዴውን በትሕትና አስፈቅዶም የሚከተለውን ይሞክር።

ሀ) መነጽሩን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሮ (ወደ ፀሐይ ግን ከቶ አይሁን) በአንድ ክንድ ርቀት ይያዝ። በዓይን መመልከቻው በኩል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። ክቡ ሙሉና ንጹሕ ከሆነ ፕሪዝሙ ደህና ነው። ዳር ዳሩ ጠቁሮ አራት ማዕዘን ከመሰለ ርካሹ መስተዋት ነው።

ለ) የዚያን ክብ ስፋት በማስመሪያ ይለካ፤ የፊተኛውንም መስተዋት ስፋት እንዲሁ። ትልቁ ለትንሹ ሲካፈል የመነጽሩ እውነተኛ ኀይል ይገኛል። «40 በ60» ተብሎ የተጻፈበት መነጽር የፊቱ መስተዋት ሲለካ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክቡም 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ኀይሉ 10 እንጂ 40 አይደለም። ቁጥሩን የዋሸ ነጋዴ ወይም ፋብሪካ ስለ ውሃውም እንዲሁ ሳይዋሽ አይቀርም።

ሐ) ማስመሪያ ከሌለ የግንብ አጥር ይፈለግ። በአንዱ ዓይን በመነጽሩ፣ በሌላው ዓይን እንዲሁ በባዶው አንድ ጊዜ ይታይ። በመነጽሩ የታየው አንድ የብሎኬት መደዳ በባዶ ዓይን ከሚታዩት ስንት መደዳዎች ጋር እንደሚተካከል ቢቆጠር፣ የተገኘው ቁጥር የማቅረብ ኀይሉ ነው።

መ) በሌንሱ ላይ የአምፖል ብርሃን ይታይ። ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ መስኮት መስተዋት ነጭ ሆኖ ካንጸባረቀ ቅብ የለውም። እንደ ፍም የቀላ ሌንስ ለዓይን ቢያምርም አብዛኛውን ጊዜ ለማታለያ ነው።

ሠ) መነጽር አድራጊ የሆነ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ይመልከት። እይታውን በሙሉ ለማየት፣ ዓይን ከመመልከቻው 15 ሚሊ ሜትር ወይም የበለጠ ርቆ እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት።

ረ) የውሃውን ፈተና በሱቅ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን ደረሰኝ ተቀብሎ፣ የመመለሻ ቀን ተስማምቶ፣ «አይ ፒ ኤክስ 7» ተብሎ የተሸጠውን በቤት ውስጥ በሳፋ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ማጥለቅ ይቻላል። አረፋ ከወጣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይመለስ።

6ኛ. አያያዝና ጥንቃቄ

መነጽሩን አጽንቶ ለመያዝ የጎጃም ሰው ከሌላው የተሻለ መሣሪያ አለው፤ እርሱም ዱላው ነው። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ በግራ እጁ ጨብጦ፣ መነጽሩን በጭብጡ ላይ ቢያሳርፍ መንቀጥቀጡ እጅግ ይቀንሳል። ተቀምጦ ክርንን በጉልበት ላይ መደገፍም እንዲሁ ይረዳል።

በጤፍ ውቂያ ጊዜ የሚበንነው እብቅና በበጋ የሚነሣው አቧራ መስተዋት ይፍቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን እፍ ብሎ ማስወገድ፣ ከዚያ በኋላ በለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ መወልወል ይገባል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ ደረቁን ማሸት ቅቡን ያጠፋዋል። ብሎኑን ፈትቶ ማየትም አያስፈልግም፤ ናይትሮጂኑ ከወጣ በቤት ውስጥ አይመለስምና።

ከሁሉ የበለጠው ጥንቃቄ የዓይን ነው። በመነጽር ፀሐይን ማየት ከቶ አይገባም። መነጽሩ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ የዓይንን ውስጥ ያቃጥላል፤ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ሕመም የሚያስታውቅ ስሜት ስለሌለው ሰውዬው መታወሩን የሚያውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። መነጽር ለሕፃናት ሲሰጥ ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው።

እንዲሁም መነጽር በሰው ዘንድ ጥርጣሬ የሚያሳድር ዕቃ መሆኑን አንርሳ። የሰው ግቢ አይታይበትም። ድልድይና የጥበቃ ቦታ አጠገብ ከማውጣት በፊት ጠባቂዎቹን ማስፈቀድ ይገባል። ከውጭ አገር የሚያስመጣም ሰው የጉምሩክን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ሲጠቃለል የሚከተለው ነው፦ በ8 የሚያቀርብ፤ የፊት መስተዋቱ 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ «ባክ 4» ፕሪዝም ያለው፤ ገጾቹ ሁሉ የተቀቡ፤ ከሁሉም በፊት የታሸገና ናይትሮጂን የተሞላ። ገንዘብ ቢያንስና ከእነዚህ አንዱን መተው ግድ ቢሆን ስፋቱ ይተው እንጂ መታሸጉ አይተው። ትንሽና ጥሩ መነጽር ትንሽ ያሳያል፤ ጤዛ የገባበት ትልቅ መነጽር ግን ምንም አያሳይም።

አንድ ተማሪ ብቻውን መግዛት ባይችል፣ አምስት ስድስት ሆኖ አዋጥቶ ለተማረበት ትምህርት ቤት አንድ መነጽር ቢሰጥ፣ በአፋፉ ላይ ተወልደው በአፋፉ ላይ የሚያድጉት ልጆች የገዛ አገራቸውን ገደል ማንበብ ይችላሉ። ይህም ከብዙ ንግግር ይበልጣል እንላለን።

ለመለማመጃ

1. «10 በ25» የሆነ መነጽር የሚያወጣው የብርሃን ክብ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ለምሽት ይበቃልን?

2. በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው በዓባይ ላይ ያለው የኅዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው። በ1,000 ሜትር ርቀት 110 ሜትር በሚያሳይ መነጽር ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ለማየት ቢያንስ ስንት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል?

3. ከበረሃ ወደ ደጋ ስንወጣ በመነጽሩ ላይ ጤዛ ታየ። ጤዛው በውጭ ወይም በውስጥ መሆኑን በምን እንለያለን?

መልስ፦ 1. 2.5 ሚሊ ሜትር፤ ለምሽት አይበቃም። 2. 2,750 ሜትር ያህል። 3. በጨርቅ ሲወለወል ከጠፋ የውጭ ነው፤ ይህም በማናቸውም መነጽር ላይ ይደርሳል። ካልጠፋ የውስጥ ነው፤ መነጽሩም አልታሸገም ማለት ነው።